እትዬ ወድቃ አድራሻዋ ሲጠፋኝ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ገበያ ውስጥ ነው። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጨንቄያለሁ። መርካቶ ሱቅ በደረቴ አንግቼ ስዞር ደንብ አስከባሪ ዕቃዬን ቀምቶኛል፣ ድንበር ላይ ጉድባ ውስጥ ተኝቼ አድሬያለሁ። ያኔ ግን ቢያንስ እግር ነበረኝ፤ ሮጬ አመልጣለሁ ብዬ አስብ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ችግር ሩጫ የማይደርስበት ቦታ ነበር። እስካሁን ድረስ ሰው በስልክ እያወራኝ ለአፍታ ዝም ካለ «አለህ?» ብዬ እጮኻለሁ።

መጀመሪያ እትዬን ላስተዋውቃችሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አልወለደችኝም፤ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። እናቴ ስትሞት ማንም ሳይጠይቃት ገበታዋ ላይ አንድ ሰሃን ጨመረች፣ ሰሃኑም የእኔ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ አልኳት። አንቺ ነው የምላት፤ ያሳደገን ሰው አንቱ ማለት ባዳ ማድረግ ይመስለኛል።

በኋላ እኔ በናይሮቢ ዞሬ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገባሁ፣ እሷ ደግሞ በሱዳን አድርጋ እንግሊዝ ገባች። ስትገባ የሌላ ሴት ወረቀት ይዛ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ባይጠይቅ ጥሩ ነው። እኔም አልጠየቅኩም። ስልኬ ላይ «እትዬ እንግሊዝ» ብዬ መዘገብኳት። ከዚያ የበለጠ ስም የሚያስፈልጋት አልመሰለኝም።

የምትኖረው ማርልኮት በምትባል ትንሽ የጥንት መንደር ነው። መንደር ነበረች ብል ይሻላል። በአንድ ወቅት መንግሥት አዲስ ከተማ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። መንገዱን ሁሉ በማስመሪያ እንደ ዳማ ገበታ ወረቀት ላይ አሰመረና መሬት ላይ አወረደው። ማርልኮት ልክ መሀሉ ላይ ተገኘች። አላፈረሷትም፤ ዙሪያዋን ሠርተው ዋጧት። አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዳክዬ የሚዋኝበት አንድ ኩሬ። ከዚያ ወዲያ አደባባይ ነው፣ ከአደባባዩ ወዲያም ሌላ አደባባይ።

እትዬ እዚያ የገባችው አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ስትጦር ነው። አሮጊቷ ስትሞት «ዕድሜሽን ሙሉ ኑሪበት» ብላ ቤቱን ተናዘዘችላት። ቤቱ ሳር ክዳን ነው። ከቆርቆሮ ቤት ወጥቼ እዚህ ለመድረስ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ፤ አንቺ እንግሊዝ ድረስ ሄደሽ ሳር ክዳን ውስጥ ገባሽ ብዬ ስስቅባት፣ «የአንተ አፓርትመንት ስንት ዓመቱ ነው? የእኔ አራት መቶ» ትለኛለች።

የአሮጊቷንም ትዝታ ከነቤቱ ወርሳዋለች። ቀያሾቹ ችካል ተሸክመው እርሻው ውስጥ ሲገቡ፣ ላም ይግጥበት የነበረው ሜዳ አስፋልት ሲሆን፣ ሁሉን ቆማ እንዳየች አድርጋ ነው የምታወራው። «እኛ ከተማ አልገባንም፤ ከተማው ነው የመጣብን» ትላለች። ወተት ለመግዛት ስትወጣ «ከተማ ወርጄ መጣሁ» ትለኛለች። በእግር ሰባት ደቂቃ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው በቅዳሜው ስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን ዘርግቼ ስጨርስ ኮል አደርግላታለሁ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ሻንጣ ነው የምሸጠው። ስልኩን ስፒከር አድርጌ የብርድ ልብሱ ክምር ላይ አስቀምጠዋለሁ። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሸጣለሁ፣ በየመሀሉ «እህ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ካወራችኝ ግማሹን አልሰማሁትም።

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የሐጂ ኢድሪስ ነው። ሽቶና የእጅ ሰዓት ይሸጣሉ። ከረን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ይህንንም ሳያስታውሱኝ የሚያልፉት ቅዳሜ የለም። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። ገበያ ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ እንሸረዳደዳለን፣ አንዳችን ሽንት ቤት ሲሄድ ሌላው ዕቃውን ይጠብቃል። ከዚያ ያለፈ አንጠያየቅም። በእኛ ሥራ፣ የት ነው የምትኖረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠረጠር ሰው ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። እዚያ አሥራ አንድ ተኩል ይሆናል፤ በኅዳር በዚያ ሰዓት ጨልሟል። አንዲት ደንበኛ የሁለት ሰው ብርድ ልብስ ይዛ ትከራከረኛለች። ትሄዳለች፣ እጠራታለሁ፣ ትመለሳለች። እትዬ ስፒከር ላይ ናት።

ከዚያ እትዬ ንግግሯን ከመሀል አቋረጠች። አንድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ወዲያው ሌላ ከባድ ነገር ወደቀ። ሁለተኛው እሷ መሆኗ በዚያችው ቅጽበት ገባኝ። ሰው ሲወድቅ ድምፁ ከዕቃ ይለያል። ዕቃ ይነጥራል፣ ሰው አይነጥርም።

ስልኩን ብድግ አድርጌ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«እትዬ። እትዬ፣ እኔ ነኝ። ስሚኝ።»

ሬዲዮ ይሰማኛል፤ አንድ እንግሊዛዊ ስለ አየር ጠባይ ቀስ እያለ ያወራል። ከሬዲዮው ስር ትንፋሽ አለ። እንደሚያንኮራፋ ሰው ያለ፣ ወፍራምና ዘገምተኛ።  ደንበኛዋ ፊቴን አየችና ብርድ ልብሱን አጥፋ አስቀምጣ ሄደች።

ስልኩን ከዘጋሁት ትንፋሿን ድጋሚ አልሰማም፤ ብደውል የሚያነሣ የለም። ካልዘጋሁት ደግሞ ለማንም መደወል አልችልም። እዚያ አገር የማውቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ለንደን የነበረችው ጓደኛዋ ከሞተች ቆይታለች።

«ሐጂ፣ ስልክዎን» አልኩ።

ሐጂ ስልካቸውን ለሰው ሲሰጡ በስምንት ዓመት አይቼ አላውቅም። ምንም ሳይጠይቁ ከፍተው ሰጡኝ።

የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። አንዲት ረጋ ያለች ሴት አነሣች። የወደቀችው ሰው የት ናት አለችኝ። እንግሊዝ አልኳት።  አንተስ የት ነህ አለችኝ። «ሳን ሆዜ፤ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ» አልኳት። የብርድ ልብሱን ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። መስመሯ ከአገር እንደማይወጣ ነግራኝ፣ እዚያው ሆልድ አድርጋኝ የዚያን አካባቢ ፖሊስ ቁጥር ፈልጋ ሰጠችኝ። ሐጂ የሽቶ ካርቶን ላይ ጻፉት። እግዜር ይስጣት፤ ከዚህ በላይ ልታደርግ አትችልም ነበር።

ደወልኩ። በግራ ጆሮዬ የእትዬ ትንፋሽ፣ በቀኝ ጆሮዬ የእንግሊዝ ፖሊስ። ይህችኛዋም ትሑት ናት። አድራሻ ጠየቀችኝ።

«ማርልኮት» አልኳት።

«ማርልኮት የትኛው መንገድ?»

«መንገድ የለውም። መንደሩ ነው።»

ኪቦርድ ሲንኳኳ ሰማሁ። «ጌታዬ፣ ማርልኮት ውስጥ ከሃምሳ በላይ መንገድ አለ።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከተማው መንደሯን ሲውጣት ስሟን ደግሞ ገፎ ለአዲሱ ሰፈር በሙሉ አልብሶታል። በወረቀት ላይ ማርልኮት ማለት አሁን ትምህርት ቤት፣ የገበያ አዳራሽና አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ብዙ መቶ ቤቶች ናቸው። እትዬ ይህንን ነግራኝ ይሆናል። እኔም እህ ብያት ይሆናል።

«የቤት ቁጥርስ?»

«ቁጥር የለውም። ነጭ ነው፣ ሳር ክዳን። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ኩሬውን አለፍ ብሎ።»

እኛ ቤት የምንናገረው እንደዚህ ነው። አዲስ አበባ ብትሆኑ በዚህ ምልክት ሰው እበራፌ ድረስ አመጣላችኋለሁ። ሴትዮዋ ግን ኮምፒውተሯ ላይ ያለው የአድራሻ ሳጥን ውስጥ «አለፍ ብሎ» የሚሞላበት ቦታ አልነበራትም።

«የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ሁለት አሉ።»

«የድሮው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

አላውቅም።

«የታማሚዋ ሙሉ ስም?»

 አርባ ዓመት ያወቅኳት ሰው ናት። «እትዬ» አልኩ። ፊደሉን ቁጠርልኝ አለችኝ። ስሟ እንዳልሆነ፣ ታላቅ እህት እንደማለት መሆኑን ነገርኳት። ታላቅ እህትህ ናት ወይ አለችኝ። አይ፣ አሳደገችኝ አልኳት። የልጅነት ስሟን ሰጠኋት፤ ፈልጋ አጣችው። እንደምታጣው አውቄያለሁ። ወረቀቷ ላይ ያለው የዚያች የሌላይቱ ሴት ስም ነው፣ እሱን ደግሞ ጠይቄ አላውቅም። እኛ ዘንድ የወረቀት ስም አይጠየቅም። ያወቀ ሰው ተጠያቂ ይሆናል፤ እንደዚያ ነው የተማርነው።

የስልኳን ቁጥር ሰጠኋት። ካርድ እየተሞላ የሚሠራ ስለሆነ በማንም ስም አልተመዘገበም፤ እንፈልገዋለን፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለችኝ። እስከዚያው ወደ ማርልኮት መኪና እልካለሁ፣ በዚህ ቁጥር መልሼ እደውልልሃለሁ ብላ ዘጋች።

ወደ ማርልኮት። ሃምሳ መንገድ ላይ፣ በጨለማ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በደንብ መናገር አልችልም። ገበያው እንደተለመደው ይጮኻል። አንድ ሰው የሻንጣ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ሐጂ በእጃቸው አባረሩት። እኔ ጠረጴዛዬ ስር ቁጭ ብዬ፣ ነፃ የሆነውን ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ትንፋሽ አዳምጣለሁ። በትንፋሽና በትንፋሽ መሀል ያለው ክፍተት ሰፋ። አንዱ ሲወጣ ሌላው እስኪመጣ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ በጣም ቆየ። ሬዲዮው ስለ ዝናብ ያወራል፣ ከስሩ ምንም የለም። ከዚያ መጣ።

ነጋዴ ነኝ፤ ፈጣሪንም የለመንኩት እንደ ነጋዴ ነው። መጀመሪያ ጾም አቀረብኩ። ዝም ሲለኝ ሲጋራ ማቆምን ጨመርኩ። ትንፋሿ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆይ ዕቃ የምጭንበትን ቫኔን አልኩ፤ እሱን ከሰጠሁ የምተዳደርበት የለኝም። 

«እትዬ፣ እየመጡልሽ ነው» እላታለሁ። ውሸቴን ነበር። የሚመጣው ሰው ወዴት እንደሚመጣ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ልነግረው የምችለው አንድ ነገር አላጠራቀምኩም።

ሐጂ ኢድሪስ እንደምንም ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ስር አዩኝ።

«አድራሻውን ተወው» አሉ። «ጎረቤቷ ማን ነው?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«እሷ ማንን ነው የምታማው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ስፒከር ላይ አድርገህ አይደል የምታናግራት? እኔስ ጆሮ የለኝም? ስምንት ዓመት አብሬህ ስሰማት ነው የኖርኩት። አንድ መጠጥ ቤት ያለው ሰውዬ ትረግም አልነበረም? በራፉ ላይ የአሳማ ሥዕል የሰቀለ። ‹ጠዋት በሬን ስከፍት የማየው የመጀመሪያ ፊት የአሳማ ነው› የምትለው።»

ትለው ነበር። አሁን ሲነግሩኝ ድምፅዋ ጭምር መጣልኝ።

ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔማ አሳማውን ሰምቼ እንዴት እረሳለሁ።»

ስልካቸው ላይ ማርልኮት ብዬ መጠጥ ቤት ፈለግኩ። ሦስት መጡ። ሁለቱ የገበያ አዳራሹ ውስጥ ያሉ መስታወት በመስታወት ናቸው። ሦስተኛው ዝቅ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ በራፉ ላይ በብረት የተንጠለጠለ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ወፍራም ነጭ አሳማ። ሐጂ መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። «እሱ ነው» አሉ፣ ዘመድ እንደለየ ሰው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጠጥ ያልቀመሱ ሰው ናቸው። የደወሉት ግን ራሳቸው ናቸው።

ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግመው ደወሉ። አንድ ወንድ አነሣ። ከኋላው የኳስ ጨዋታ ይጮኻል። ስልኩን ተቀብዬ ከካሊፎርኒያ ነኝ፣ ጎረቤትህ ወድቃለች፣ አሮጊት፣ ኢትዮጵያዊት አልኩ። ቃሉ ተደራርቦብኝ ነው የወጣው። ሰውየው ሳቀ። «የትኛው ነህ አንተ?» ብሎ የሆነ ጓደኛውን ስም ጠራና ዘጋብኝ። ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት የሚደውል ሰው ቀልደኛ እንጂ ችግረኛ አይመስልም፤ አልፈርድበትም።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። በልጅነቴም ብዙ አላለቀስኩም።

ሐጂ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ለሦስተኛ ጊዜ ደወሉ። ሰውየው ሲያነሣ አላስቀደሙትም። በዚያ በሽቶ ሻጭ እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እያስቀመጡ፣ «በየቀኑ ጠዋት በራፍህን የምትጠርግልህ ሴትዮ» አሉት። «ነጩ ቤት። ወድቃለች። ልትሞት ነው።»

እኔ ስለ መጥረጉ ረስቼው ነበር። እትዬ ጠዋት የራሷን በራፍ ጠርጋ አታቆምም፤ እስከ መጠጥ ቤቱ ድረስ ጠርጋ፣ የሰካራም ሽንት አጥባ ነው የምትመለሰው። አመሰግናለሁ እንኳ አይለኝም እያለች የምትረግመው ለዚያ ነው። ለምን ትጠርጊለታለሽ ስላት፣ ቆሻሻ ድንበር አያውቅም ትለኝ ነበር።

ሰውየው አልዘጋም። ከኋላው ኳሱ ይጮኻል። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ጠዋት አልጠረገችም» አለ። «አይቼ ገርሞኝ ነበር።»

ከዚያ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ተሰማ።

ሐጂ ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። እኔን ሳያዩ፣ «ነግራህ ነበር እኮ» አሉ። «ዛሬ ስልኩን እንዳነሣች። ከጠዋት ጀምሮ እጄ መጥረጊያ አልይዝ ብሎኛል፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዟል አለችህ።»

«እኔ ምን አልኳት?»

«ገበያ ላይ ነበርክ» አሉኝ።

የእኔን ስልክ ጆሮዬ ላይ እንዳጣበቅኩ ነኝ። ሬዲዮው። ትንፋሹ። ከዚያ ከሩቅ ሰው ሲጮህ ሰማሁ፣ ከቤቱ ውጪ። በር ተደበደበ። ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው። «ይሰማሻል?» ይላል አንዱ። ያ ሳቂታው ድምፅ ነው፤ አሁን አይስቅም። በሩ ተገፋ፣ እምቢ አለ። እትዬ ሁለት ቁልፍ ነው የምትቆልፈው። ድብደባው ቆመ፤ ጥለዋት የሄዱ መሰለኝ። ከዚያ መስታወት ተሰበረ።

አምስት ሺህ ማይል ርቀት ላይ፣ ሳን ሆዜ፣ ጠረጴዛ ስር ቁጭ ብዬ የማላውቃቸው ሰዎች ኮቴ ወደ እትዬ ሲሄድ በጆሮዬ ሰማሁ። አንዲት ሴት «ትተነፍሳለች» አለች። አንድ ሰው ሬዲዮውን አጠፋው። ከዚያ ስልኩ ከወለል ተነሣ።

«ማነው?» አለ ሰውየው።

«እኔ ነኝ። የደወልኩት።»

«ልጇ ነህ?»

«አዎ» አልኩት።

ወዲያው የሐጂ ስልክ ጠራ፤ ፖሊሷ ናት። መኪናው ማርልኮት ደርሶ አዲሶቹ ቤቶች መሀል እየዞረ፣ በር እያንኳኳ እንደሆነ ነገረችን። «አሳማው ጋ በላቸው» አሉኝ ሐጂ። እኔም የመጠጥ ቤቱን ስም ነገርኳት። ሰውየው የእጅ ባትሪ ይዞ አደባባዩ ድረስ ሮጦ አምቡላንሱን መርቶ አስገባው። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት ሲያነሷት ያወጣችውን ድምፅ ብቻ ነው። ቃል አልነበረም፤ ግን የእሷ ነው።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ረግቶ ነው የጣላት። ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ቢደርሱላት ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ቀብር ነበር አለኝ ሐኪሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄድኩ። ከጣቢያው በአውቶቡስ ስንት አደባባይ እንደዞርኩ አላውቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ከአንድ ቁጥቋጦ አጥር ጀርባ በእግር ገባሁና ከተማው ድምፁ ጠፋ። ኩሬው ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነበረ፣ አሳማውም ነበረ። እትዬ ያለችኝ ሁሉ በቦታው ነበረ፤ ለማየት ሄጄ ሳይሆን ለማመሳከር የሄድኩ መሰለኝ።

መጠጥ ቤቱ በራፍ ላይ የረገፈ ቅጠል ተከምሯል። ባለቤቱ አጠር ወፈር ያለ፣ ቀይ ፊት ያለው ሰው ነው። የሰበረውን መስታወት ራሱ ቀይሮታል። ቅጠሉን ሳይ አይቶኝ፣ «ሁላችንም መጥረጊያ ገዝተናል» አለኝ። «ማንም በጠዋት አይነሣም።» ስሟን ጠየቅኩት። አያውቅም። አሥር ዓመት በራፉን ስትጠርግ ስሟን አልጠየቃትም። እኔም ስሟን እንደማላውቅ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት፤ ከእሱ ልሻል የምችልበት ነገር አልነበረም።

እትዬ አሁን የምትኖረው አዲሱ ከተማ ውስጥ ባለ የአዛውንት መንከባከቢያ ነው፤ የመንገድ ስም አለው፣ የቤት ቁጥር አለው፣ የክፍል ቁጥር አለው። ቀኝ እጇ አይሠራም፣ ምላሷም ግማሽ ነው። መጀመሪያ እንዳየችኝ፣ አፏን ወደ ግራ እየጎተተች፣ «ከተማ አስገቡኝ» አለችኝ። አልጋዋ ራስጌ ላይ ስሟ ተጽፏል፣ የዚያች የማላውቃት ሴት ስም። ቆሜ አነበብኩትና በቃሌ ያዝኩት።

ለሰው ስነግረው ሁሉም «እንኳን ተረፈች» ይለኛል። ልክ ነው፤ እንኳን ተረፈች። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው ነው። ጠዋት ፊቴ ደንዝዟል ብላ ነግራኝ ነበር። ያኔ ብሰማት ኖሮ እጇ ይኖራት ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም፤ የምጠይቅም አይመስለኝም።

ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ክፉ አመል አውጥቻለሁ። የምወደውን ሰው ሁሉ የወረቀት ስምህ ማን ነው፣ የቤት ቁጥርህ ስንት ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። ሰው ኢሚግሬሽን የላከኝ ይመስለዋል። ኮንኮርድ ከተማ ያለ አንድ ያገሬ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን አያነሣም።

በመጨረሻ ሐጂ ጋ ደረስኩ። ገበያ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሐጂ፣ እኔ የት ነው የምኖረው?»

«ኦክላንድ።»

«ኦክላንድ የት?»

«ምን አውቃለሁ። አይጠየቅም ብለህ አይደል?»

«አሁን እዚህ ብወድቅ ለቤተሰቤ ማንን ይልካሉ? ወዴት?»

አሰቡ። «አንተ ደግሞ አሳማ የለህም» አሉኝ።

ከሽቶ ካርቶናቸው ቀድጄ የወረቀት ስሜን፣ መንገዴን፣ የቤት ቁጥሬን ጻፍኩና ሰጠኋቸው። ገልብጠው ዘረጉት፣ አላነበቡትም። ረጅም ጊዜ ብዕሩን እጃቸው ላይ አዟዟሩ። ከዚያ እሳቸውም ቀደዱና ጽፈው ሰጡኝ። በወረቀት ስማቸው ኢድሪስ አይደለም፣ በወረቀት ዕድሜያቸውም ከእኔ ያንሳሉ። ይህን ለማንም አልናገርም።

አድራሻውን ሳነብ ግን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም የእኔን አንብበው ቀና ብለው ነበር። አንድ መንገድ ነው፤ በመሀላችን አራት ብሎክ ብቻ ነው ያለው። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ንጋት፣ እሳቸው በእሳቸው መኪና እኔ በእኔ ቫን፣ ከአንድ መንገድ ተነሥተን ያንን ሁሉ ሀይዌይ ለየብቻችን ነድተን እዚህ ጎን ለጎን ስንቆም ኖረናል።

ሐጂ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የስምንት ዓመት ነዳጅ» አሉ።